ምላስ ሸዋዬን አልጠራም አለ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፣ ግቢ በሏት።

ሸዋረገድ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ባዩን ስትሮክ መታውና ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ወጣ። እግሩ ዳነ፣ እጁ ዳነ፣ ምላሱ ግን እንደተሳሰረ ቀረ። አገር ሁሉ ሸዋረገድ ሲላት "ሸዋዬ" የሚላት እሱ ብቻ ነበር። አሁን የምትፈልገው ይህችኑ ነው፤ አንዴ "ሸዋዬ" እንዲላት። ምላስ ቶሎ ካልተለማመደ እንደዚያው ሊቀር ይችላል ሲሉም ሰምታለች።

"አንተ ምላስ፣ እባክህ ጥራኝ" አለችው።

"አልጠራሽም" አለ ምላስ። እንዴት ተናገረ ብላችሁ እንዳትይዙኝ፣ ተረት ነው። "የሚያለማምደኝ ሳይኖር በምኔ ልጥራሽ?"

ሆስፒታል ሄደች። ንግግር የሚያለማምደው ሰውዬ በሥራ ተወጥሯል።

"ልጄ፣ ምላስ አልጠራሽም አለኝ። አለማምድልኝ።"

"ደስ ይለኝ ነበር እማማ፤ ግን ያከመቻቸው ሐኪም ካልላከችልኝ አላለማምድም።"

ወደ ሐኪሟ ሄደች።

"ልጄ፣ ምላስ አልጠራሽም አለ፣ አለማማጁ ምላስን አላለማምድም አለ። ላኪልኝ።"

"እማማ፣ ያለን አለማማጅ አንድ ነው፤ ተራ የሚያዘው በመዝገቡ ነው። የባሰበት ይቀድማል። መዝገቡ ሳይል ብልክ የሌላ ሰው ተራ መቀማት ይሆንብኛል፤ አልልክም።"

መዝገቡ ማለት ልቡም ሆነ ጭንቅላቱ የታመመ ሰው ሁሉ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሆነ የሚጻፍበት ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ኩራቱም አይጣል ነው።

"አንተ መዝገብ፣ ምላስ አልጠራሽም አለ፣ አለማማጁ ምላስን አላለማምድም አለ፣ ሐኪሟ ወደ አለማማጁ አልልክም አለች። ንገርልኝ።"

"አልናገርም" አለ መዝገብ። "እኔ ጋ ያለው ጽሑፍ ባዩ ደህና ነው ይላል። ስልክ የነገረኝን ነው የምጽፈው።"

ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተጎልቷል። በየታካሚው ቤት የሚደውለው እሱ ነው።

"አንተ ስልክ፣ ምላስ አልጠራሽም አለ፣ አለማማጁ ምላስን አላለማምድም አለ፣ ሐኪሟ ወደ አለማማጁ አልልክም አለች፣ መዝገብ ለሐኪሟ አልናገርም አለ። ምን ብለህ ነው ያሳጣኸኝ?"

"ምን አጠፋሁ? የሰማሁትን አደረስኩ። ደውዬ 'እንዴት ናቸው?' ስል 'ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን' አሉኝ።"

"ማን ነው ያለህ?"

"እርስዎ ነዎታ።"

ሸዋረገድ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ታዲያ ሰው እንዴት ናችሁ ሲል ምን ይባላል? እናቷ የሞተች ጊዜ እንኳ ድንኳን ውስጥ ሆና እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ ደህና ነኝ ስትል ነው የዋለችው። የቤትን ጉድ ለባዳ መዘርገፍ ነውር ነው ተብላ አድጋለች።

"ደህና አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ውኃ ሲጠማው በእጁ ነው የሚያሳየኝ። ስሜን አይጠራም። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።" አለችና አለቀሰች።

ይኼኔ ስልክ ለመዝገብ ነገረ። መዝገብም ደነገጠ። "እንዲህ ከሆነ እነዚያ ደህና ያሉኝ ሁሉስ?" አለ። ስልክ እንደገና በየቤቱ ደወለ፤ አሁን ግን "እንዴት ናቸው?" አላለም። "ውኃ ሲጠማቸው ምን ይላሉ? ስም ይጠራሉ?" አለ። አንዷ "ኧረ ዝም ነው" አለች፣ ሌላው "አባባ ከወጡ ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም" አለ። መዝገብ ጻፈ፣ ጽፎም ለሐኪሟ ነገረ። ሐኪሟ መዝገቡን ይዛ አለቆቿ ዘንድ ገባችና ሌላ አለማማጅ ተጨመረላት፤ ባዩንም ላከችው። አለማማጁ ምላስን አለማመደ፤ ዛሬ "ውኃ"፣ ነገ "በር"፣ ሲሳሳት እየሳቀ፣ ሲናደድ እየጠበቀው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ እጁ ቢድንም እንደ ልማዷ የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት "ሸ" አለ። እጇ ቆመ። "ሸዋ" አለ፤ ላብ አጠመቀው።

"ሸዋዬ" አለ። ቀጥሎም እየተንተባተበ፣ "ደህና ነሽ?"

"ደህ..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

"አይደለሁም ባዩ" አለችው። "ናፍቀኸኝ ነበር።"

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ ምርቃቴን አምጡ።