የፈረስ ሜዳ ልዋጭ

እኛ እንዶድ በሮች፣ ሰው ለደጁ ችግር ከሩቅ መድኃኒት ሲያፈላልግ ስናይ የምንላት አንዲት አባባል አለች። ሌላውም አገር ይላታል። አንዳንዱማ ከቅድመ አያቱ እንደ ወረሳት ይምላል። ይማል፤ አልጣላውም። እኛ ግን የተነገረችበትን ሜዳ፣ የተናገራትን ሽማግሌ፣ የበሬውን ስም ጭምር እናውቃለን። እኔ በዚያ ሜዳ እህል ያደግሁ ሰው ነኝና የምነግራችሁ ውለታ እንዳለበት ሰው ሆኜ ነው።

የእንዶድ በር ሰው ድሮ የሚኖረው ተራራው ላይ ነበር። ተራራውን በስሙ የያዘው የአገሬው ተወላጆች ማኅበር ሲሆን አርባውም ቤተሰብ አባል ነበር። ታዲያ ከተራራው ደን ሥር የሚፈልቀው ምንጭ የታችኛውን ከተማ በሙሉ ያጠጣ ስለነበር መንግሥት ደኑ እንዲጠበቅ ፈለገ። ቀምቶ መውሰድ ይችል ነበር፤ በዚያ ዘመን ማን ይከለክለዋል? ግን አልቀማም። ነገሩ ምክር ቤት ቀረበ፣ ተመከረበት፣ በአዋጅም ተወሰነ። ተራራው ለመንግሥት ይሁን፣ በልዋጩ የመንግሥት የነበረው ፈረስ ሜዳ ለማኅበሩ ይሰጥ ተባለ። ለዚህ ነገር አባቶቻችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያመሰግኑ ኖረዋል፤ እኔም አመሰግናለሁ። አዋጁ ግን አንዲት ጭራ ነበረችው። ሜዳው ከመስከረም እስከ መስከረም ታርሶ ካልተዘራ ተመልሶ የመንግሥት ይሆናል ትላለች።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ዘገየ ይባሉ ነበር። ስማቸው ዘገየ ይሁን እንጂ በዕድሜያቸው ዘግይተው አያውቁም፤ ሳይጠሩ አቤት የሚሉ ሰው ነበሩ። ክፋት የለባቸውም፤ ችኮላ ነው ያለባቸው።

በኛ አገር መሬት የሚቀበል ሰው አስቀድሞ በሬ ጠምዶ አንዲት ትልም ያወጣል። ከትልሙ አፈር ዘግኖ አገላብጦ ካየ፣ ካሸተተ በኋላ ነው «ይሁን» የሚለው። በርክክቡ ቀንም አያ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ፣ ዳለቻና ቡላ የተባሉ በሬዎቻቸውን ጠምደው ሜዳው ዳር ቆመው ጠበቁ።

«ዘገየ፣ አንዲት ትልም ላውጣና ከዚያ ፈርም» አሉ።

«አያ፣ አስረካቢው የመንግሥት ሹም መኪናቸውን አስነስተው እየጠበቁ እኮ ነው!»

«ይጠብቁዋ። መሬት እንደ ሸማ አይመለስም።»

«ስንመጣ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ይህን ያህል ሣር ያበቀለ መሬት እህል ያቅተዋል?» አሉና ፈረሙ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ከኛ ሊቀ መንበር በምን ይለያል?

ያ አረንጓዴ ሰርዶ ነበር። ሜዳው ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ፈረሶች ሲግጡበት የኖረ፣ ማረሻ ነክቶት የማያውቅ ነው። ሰርዶን ከላይ ቢያጭዱት ሥሩ ከመሬት በታች እንደ ምንጣፍ ተሸምኖ ይቆያል። አርባው ቤተሰብ ይህን ያወቀው ቤቱን አፍርሶ፣ ከተራራው ወርዶ፣ ሜዳው ዳር ጎጆ ከቀለሰ በኋላ ነው። ተራራው ሄዷል። ሜዳው በመስከረም ካልተዘራበት እሱም ሊሄድ ነው። ከሁለት ያጣ ጎመን መሆን ማለት ይህ ነበር።

አቶ ዘገየ መቼ ቁጭ ብለው! በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ከቆላው ሰፊ እርሻ ትራክተር ለምነው አመጡ። እልል ተባለ። በሦስት ቀን ሜዳው ዳር እስከ ዳር ጠቆረ። አያ ጓንጉል ግን ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑ፤ በመዳፋቸው ላይ ጣት ጣት የሚያክል የተቆራረጠ ነጭ ሥር ቀረ።

«ዘገየ፣ ይኼ እኮ አልሞተም። ቆራርጠህ ዘራኸው።»

«አያ ደግሞ! አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበለን እንጂ!»

በሚያዝያ እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱን ቡቃያ አወጣ። ሜዳው ከቀድሞው ይልቅ ለምለም ሆነ።

አቶ ዘገየ ቀጥለው ከአማቾቻቸው አገር ትከሻቸው ኮረብታ የሚያክል ሁለት በሬዎች አስመጡ። በመጀመሪያው ረፋድ ማረሻውን ሥር ያዘው፤ በሬዎቹ ጉልበታቸውን ተማምነው ጎተቱ፤ ሥሩም ተበጠሰ፣ ማረሻውም ተሰበረ። ያን ቀን ሊቀ መንበራችን ከሜዳው በቀጥታ ወደ አያ ጓንጉል ደጅ ሄዱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አያ፣ አርባ ቤት ሜዳ ላይ ጣልኩ» አሉ።

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን «ብዬህ ነበር» ይል ነበር፤ እኔም ብሆን እል ነበር። አያ ጓንጉል ግን ቀንበራቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

«ተነስ። ግንቦት ገብቷል፤ ፀሐዩ ይረዳናል። ሰውን ሁሉ ጥራልኝ።»

ዳለቻና ቡላ የተወለዱት የተራራው ሰው ከብቱን አውርዶ በሚያሰማራበት በዚያው ሜዳ ጠርዝ ላይ ነው። ማረሻውን ሥር ሲይዘው ዳለቻ አይጎትትም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቡላም አብሮት ይቆማል። ያን ጊዜ አያ ጓንጉል ማረሻውን ቀስ አድርገው ከፍ ሲያደርጉት፣ ሥሩ ሳይበጠስ እንደ ገመድ ተመዞ ይወጣል። ይህን ጅራፍ አያስተምረውም፤ በሬው ከጥጃነቱ ጀምሮ ከዚያ ሥር ጋር ሲታገል ያደገ ስለሆነ ነው። የሌሎቹም ያገሩ በሬዎች እንደዚያው ነበሩ፤ ማንም ልብ ብሎ አላያቸውም እንጂ።

ደቦ ተጠራ። ወንዱ አረሰ፤ ሴቱ ከኋላ እየተከተለ ሥሩን ለቀመ፣ አፈሩን አራገፈ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣ። እናቴ ከለቃሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ ያን ግንቦት ስታነሳ እጇን ዘርግታ የጣቶቿን ጠባሳ ታሳየን ነበር። እኩለ ቀን ላይ በሬዎቹ ሲፈቱ የሚበሉት ያንኑ የነቀሉትን ሰርዶ ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ታረሰ። በሐምሌ ጤፍ ተዘራ።

በመስከረም ከአዲስ አበባ መርማሪ መጣ። ከመኪናው ወርዶ የጤፉን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ዞሮ አየ። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አሳየ።

«ሜዳውን መልሼ የምረከብበት ነበር» አለ። «ተራራ ለቃችሁ የመጣችሁ ሰዎች ናችሁና ሌሊቱን ሙሉ ሲከብደኝ አደረ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ከዚህ ሥራ አዳናችሁኝ።» ወረቀቱን መልሶ ከተተና «ግን ይህን ሰርዶ በምን ማሽን ቻላችሁት?» ሲል ጠየቀ።

ሁሉም አቶ ዘገየን አየ። ሊቀ መንበር ናቸው፤ «እኔ ነኝ ያሳረስኩት» ቢሉት ያምናቸው ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ አያ ጓንጉል ሄዱና ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ሽማግሌው በትከሻቸው ይዘው አነሷቸው።

«እሳቸውን ይጠይቁ» አሉ አቶ ዘገየ እንባቸውን እየጠረጉ። «እኔ መፍትሔውን በየአገሩ ስፈልግ፣ እሱ ደጃችን ላይ ተኝቶ ያመነዥክ ነበር። አያ፣ እድሜ ይስጥልኝ፤ አርባውን ቤት ከነልጆቹ ያቆሙት እርስዎ ነዎት።»

አያ ጓንጉል ምስጋናውን ለብቻቸው አልወሰዱትም። ሜዳው ጠርዝ ላይ፣ የሰርዶ ሥር በአፉ ተንጠልጥሎ ወደሚያመነዥከው ዳለቻ ሄደው አንገቱን ዳሰሱና፣ «ማሽንስ የለንም ጌታዬ፤ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አሉ።