የቆዳ አልፊው ምንጭ

አንድ ቆዳ አልፊ ነበረ። ልጄ፣ «ሳይንስ ያልተማሩ ሰዎች አዲስ ነገር ደረስንበት እያሉ ይጽፉልኛል፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ እሱ ነው።

ይህ ሰው ከመንደሩ በታች፣ አንዲት ምንጭ ዳር ብቻውን ይሠራ ነበር። በቆዳው ሽታ የተነሣ ሰው አይጠጋውም። ምንጯ ዝናብ ካባራ ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ ወንዙ ሁሉ ሲጎድል እሷ ትሞላለች። ምን ያህል እንደሞላች በየዓመቱ በብትር ላይ በቢላ ምልክት ያደርጋል። ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሮ «ይህ ውኃ ከተራራው ማዶ ካለው ሐይቅ በምድር ውስጥ የሚመጣ ነው» አለ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚህ ሐሳብ በቀር የሚያጫውተው አልነበረም።

አንድ ቀን ስለ ውኃ የተማረ ሰው ወደ አገሩ መጣ። ቆዳ አልፊው ልብሱን አጥቦ፣ ብትሩን በነጠላ ጠቅልሎ ሄደ። የተማረው ሰው ቆሞ አዳመጠውና «ግሩም ነው አባቴ፣ በርቱ» ብሎ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ ሸኘው። ብትሩን ፈትቶ እንኳ አላየም። ቆዳ አልፊው ቤቱ ሲደርስ ነገሩ ገባውና አለቀሰ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ ስድብም መልስ ነው።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ በዓመቱ መስከረም ላይ ስለ ውኃ የተማረች አንዲት ሴት መጣች፤ ቆዳ አልፊው ብትሩን ይዞ ወደ እሷም ሄደ። እሷ ብትሩን ፈትታ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። አሥራ አንድ ነበሩ።

ሐሳቡንም ሰምታ «አይመስለኝም» አለችው። «ግን እርስዎ ትክክል ከሆኑ ምን እናያለን? ካልሆኑስ?»

ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። «ሐይቁ ዳር ውኃ የሚሰርግበት ጉድጓድ አለ። እዚያ ገለባ ብንጨምር ኅዳር ላይ በእኔ ምንጭ ይወጣል» አለ።

አንዱን ጆንያ እሱ፣ አንዱን እሷ ተሸክመው ተራራውን ወጡ። ገለባውን ከጨመሩ በኋላ «ኅዳር ላይ እመለሳለሁ» አለችው። አላመናትም። እሷ ግን መጣች።

ምንጯ ጥርት ብላ ሞላች፤ ገለባ የለም። ሦስት ቀን አብራው ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ከማዶ ቆላ የመጣ ነጋዴ «በመስከረም ወንዛችንን በገለባ የሞላው ማን ይሆን?» እያለ አለፈ። የሐይቁ ውኃ መንገዱ በዚያ በኩል ነበር።

«እንግዲያ ተሳስቻለሁ» አለ ቆዳ አልፊው።

«አዎ፣ ተሳስተዋል» አለችው። ከዚያ የብትሩን ምልክቶች በደብተሯ ገለበጠች። «ኅዳር ላይ ለምን እንደምትሞላ እኔም አላውቅም። መሙላቷን አስተውሎ የያዘው ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቆዳ አልፊው የዚያን ዓመት ምልክት እንድታደርግ ቢላውን ሰጣት።

ልጄ፣ ከሚጽፉልሽ ሰዎች ብዙዎቹ ተሳስተዋል፤ ልክ ናችሁ እያልሽ አታባብያቸው። ከሁሉም ጋር ተራራ መውጣትም አትችይም። ብትሩን መፍታትና ያችን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን አያቅትሽም። የመጀመሪያው ሰው «ግሩም ነው» ብሎ ብቻውን ተወው። እሷ «ተሳስተዋል» ስትለው አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።