የአቶ ጥጋቡ ጥቁር ቢራ

በእኛ ሰፈር ነገሩ ገና እጁ ሳይገባ «ወይ ግሩም!» የሚል ችኩል ሲገኝ፣ ሰዎች እርስ በርስ ተያይተው አንዲት ቃል ጣል ያደርጋሉ። ቃሏን የማይናገራት የለም፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣችው ታረቀኝ ለጋብቻ ሊታይ ከሄደበት ቤት ነው።

ታረቀኝ የአቶ ጥጋቡን ልጅ ውባለምን የሚያውቃት ከሩቅ ነው፤ ድምፅዋን እንኳ በቅጡ አልሰማም። ልቡ ግን ሄዶባት ሽማግሌ ላከ። አባትየው «እስቲ ልጁ ራሱ ይምጣና ልየው» አሉ። አቶ ጥጋቡ የጉልምስና ዘመናቸውን አሜሪካ፣ አንዲት ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ውስጥ ሲሠሩ ያሳለፉ ሰው ናቸው። የዚያ አገር ሰው ቢራን ዝም ብሎ እንደማይጨልጥ፣ መልኩን አይቶ፣ ሽታውን ስቦ፣ በምላሱ አገላብጦ እንደሚፈርድ ሲያወሩ አይጠግቡም። የድሮ ባልደረቦቻቸው የሚልኩላቸውን ጠርሙስ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። የታረቀኝ ጓደኞች ደግሞ «ቢራቸውን ያላመሰገነ ልጃቸውን አያገባም» ብለው አስፈራርተውታል። ምስኪን፣ እንቅልፍ አጥቶ ምስጋና ሲያጠና ሰነበተ።

ከላከው ሽማግሌ ከአያ ልመንህ ጋር አቶ ጥጋቡ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ውባለም ሰሞኑን ከአሜሪካ የመጣውን ጥቁር ቢራ ቀድታ ለሁሉም አቀረበች።

«በል ልጄ፣ መጀመሪያ አሽትተው» አሉ አቶ ጥጋቡ። «ከዚያ ሳትቸኩል ፉት በለው። እውነቱን ንገረኝ።»

ብርጭቆው ከታረቀኝ ከንፈር ሳይደርስ አፉ ቀደመው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቢራ በዕድሜዬ አልቀመስኩም! ማር ነው፣ ማር!»

«ገና መች ቀመስከው?»

«ሽታው ይናገራል፣ ጋሼ!»

ከዚያ ጠጣው። የገባው ነገር ጉሮሮውን ላጠው። ኮምጣጤ! ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምናልባት የአሜሪካ ቢራ ወጉ እንዲህ ይሆናል ብሎ እንደ ኮሶ ዋጠው።

የአቶ ጥጋቡ ፊት በራ። «ድገሚለት! እንዲህ ከወደደውማ ሳጥን ሙሉ አለኝ። ለሠርጋችሁ ዕለት የሚቀዳው ይሄው ነው!»

ሠርግ ሲባል ታረቀኝ ደስ ሊለው ሲገባ ጭንቅ ያዘው። ዳስ ሙሉ ሰው ይህን ተጎንጭቶ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ አማቱ ሲዋረዱ፣ ሙሽራዋ አንገቷን ስትደፋ ታየው። እውነቱን ቢናገር ቀጣፊ ተብሎ ልጅቷን ሊያጣ ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ሠርጓን ሊያበላሽባት ነው። ሁለተኛው ብርጭቆ ተሞልቶ ፊቱ ተቀመጠ።

«ጋሼ…» አለ ብርጭቆውን ሳያነሳ። «ይማሩኝ። ተበላሽቷል። ኮምጣጤ ሆኗል።»

አቶ ጥጋቡ የራሳቸውን ብርጭቆ አንስተው አሸተቱ፤ ፉት አሉና መልሰው ተፉት።

«እውነትም! ሳጥኑን መንገድ ላይ ሙቀት መትቶታል።»

ከዚያ ታረቀኝን በቁጣ ትክ ብለው አዩት። ታረቀኝ በሩን ማየት ጀመረ። መጀመሪያ የተናገረችው ጠርሙሱን እንደያዘች የቆመችው ውባለም ናት።

«ጨዋ ናት፣ ባለሙያ ናት፣ አንደበተ ርቱዕ ናት ብለህ በሽማግሌህ ለአባባ አስነግረሃል። ለመሆኑ መች አነጋግረኸኝ ታውቃለህ?»

ታረቀኝ ያን ያህል ያጠናው ምስጋና ሁሉ ጠፋው።

«ልጄ እውነቷን ነው» አሉ አቶ ጥጋቡ፣ ቁጣቸው እየበረደ። «ሠርጉ ይቆይ። እየመጣህ አጫውታት፤ እሷም ታውቅህ። ከተስማማችሁ ሽማግሌህን ያኔ ትልካለህ።»

አልተባረረም፤ ግን እሺም አልተባለም። አያ ልመንህ ያልነኩትን ብርጭቆ ገፋ አድርገው ተነሡ፤ የታረቀኝን ትከሻ ይዘው ወደ በሩ እየመሩት እንዲህ አሉ፦ «ሳይቀምስ ያደነቀ፣ ሲቀምስ ተጨነቀ።»