የስጥ አባት ዘንግ

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ግራር ውሃ በምትባል የቆላ መንደር አያ ደምለው የሚባሉ የስጥ አባት ነበሩ። ግራር ውሃ የበርበሬ አገር ናት። እዚያ ሕፃን ጡት የሚጥለው ሚጥሚጣ ለምዶ ነው እያሉ ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል። የስጥ አባት ማለት ደግሞ ኅዳር ላይ በርበሬው ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ «ደርቋል» ወይም «አልደረቀም» ብሎ የሚፈርድ ሰው ነው። እሱ ሳይፈርድ አንድ ዛላ ወደ ጆንያ አይገባም። ሲፈርድም ዛላውን ጆሮው ሥር ይዞ ይነቀንቀዋል፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ጥርት ብሎ ከተንሿሿ ደርቋል ማለት ነው።

ሹመቱ ደመወዝ የለውም። ያለው አንድ የወይራ ዘንግ ብቻ ነው፤ ዘንጉን የያዘ ሰው ስለ ስጥ ሲናገር ግን ቄሱም ሊቀመንበሩም ዝም ብለው ይሰማሉ። ዘንጉን ለሁለት ሰው መስጠት አይቻልም። በአያቶቻቸው ዘመን ሁለት ወንድማማቾች እኩል ይያዙት ተብሎ ነበር አሉ። አንዱ «ደርቋል»፣ ሌላው «አልደረቀም» ሲባባሉ ያልታሰበ ዝናብ መጣና ክርክራቸውን ከነበርበሬው ጠርጎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሐሳብ የሚያነሳ አልተገኘም።

አያ ደምለው ዘንጉን ሠላሳ አንድ ዓመት ያዙት። በሠላሳ ሁለተኛው ኅዳር ግን ሊያስረክቡ ቆረጡ። ለመንደሩ የነገሩት ምክንያት እርጅና ነው። እውነተኛውን ምክንያት የሚያውቁት እሳቸውና ፈጣሪያቸው ብቻ ነበሩ። ማስረከቡ ቀላል መስሏቸው ነበር፤ ዘንጉ የሚገባቸው ሰዎች ግን ሦስት ሆነው ተገኙ፤ ሦስቱም አንዲት የውሃ ልማድ ካመጣችው ጣጣ የወጡ ናቸው።

ልማዷ እንዲህ ናት። የደረቀ ዛላ ጆንያ ውስጥ ሲረገጥ ይሰባበራል፤ የተሰባበረ በርበሬ ደግሞ ገዢ አይወደውም። ስለዚህ ግራር ውሃዎች በርበሬውን ጆንያ ውስጥ ከመርገጣቸው አንድ ቀን አስቀድመው በቅጠል ውሃ ይረጩበታል። ዛላው ይለዝባል፣ ያብረቀርቃል፣ ሚዛን ላይም ከበድ ይላል። ይህን ውሃ በቀልድ «ጠበል» ይሉታል። የጀመሩት የአያ ደምለው አባት ናቸው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ለመንደሩ ያስተማሩት ደግሞ አያ ደምለው ራሳቸው ናቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለወንዝ ብቻ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት የአያ ደምለው ልጅ ትርንጎ ከከተማ መጣች። ትርንጎ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምግብ ላይ የሚገኝ መርዝ የምታጠና ተመራማሪ ናት። አርባ ቤት ዞራ ከየጆንያው አፍ፣ ከወገቡና ከታቹ ዛላ ሰበሰበች። ከማሳ ላይ ቀጥፋ፣ ከስጥ ላይ አንስታም ያዘች። ማንንም በስም እንደማትጽፍ፣ በቁጥር ብቻ እንደምትይዝ ቃል ገባች። ሴቶቹ የሽሮ ቅመም ያነሳት መስሏቸው እፍኝ ሙሉ ይጨምሩላት ነበር።

ውጤቱ ከፋ። ማሳ ላይ ያለው ዛላ ንጹሕ ነው፤ ስጥ ላይ ያለውም ንጹሕ ነው። ውሃ ተረጭቶ ጆንያ ውስጥ የታፈነው ግን ሻግቷል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጥሎበታል። ይህ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ወጡ ቢንተከተክም አይለቅም። ቀስ ብሎ ጉበት ይጎዳል።

ትርንጎ ይህን ስታውቅ ለመንደሩ አልተናገረችም፤ ለአባቷም አልነገረችም። ቀጥታ የመንደሩን በርበሬ ለሚጭነው ገዢ ጻፈች። በርበሬውን ሊጭኑ የመጡት መኪኖች ባዷቸውን ተመለሱ፤ ግራር ውሃም ወሬውን የሰማችው ከሹፌር አፍ ነው። መንደሩ ሁሉ ግራሩ ሥር ተሰበሰበና ትርንጎን አቆማት። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መርዙ የተገኘው በማን ጆንያ እንደሆነ ጠየቋት። በስም አልጽፍም ብላ ቃል ስለገባች የሌላውን መናገር አልቻለችም።

«ቁጥር አንድ የአባቴ ነው» አለች። «ከሁሉም የባሰው እሱ ነው።»

አያ ደምለው መሬቱን አዩ። ኮሩባት፣ ደግሞም አፈሩባት፤ ሁለቱን ስሜት በአንድ ልብ መያዝ እንዴት እንደሚያደክም ያን ቀን ዐወቁ። ቤት ሲገቡ ለምን ለእሳቸው እንኳ አስቀድማ እንዳልነገረች ጠየቋት።

«ለአንተ ብነግርህ ለመንደሩ ትነግራለህ፣ አባዬ» አለቻቸው። «መንደሩ ደግሞ መኪናው ሳይደርስ ለደላላ ይሸጠዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችባቸው። ለምን እንደወጋቻቸው ግን ለልጃቸው አልነገሯትም።

ትርንጎ የፈራችው አልቀረም። በሦስተኛው ቀን አንድ ደላላ መጣና ተፈጭቶ ከሌላ ጋር ከተደባለቀ ማን ያውቀዋል እያለ በየቤቱ ያንሾካሹክ ጀመር። የብዙ ሰው ልብ አመነታ። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት በርበሬ ነው፤ ልጆች የሚለብሱትም የሚማሩበትም እሱ ነው። በዚህ ጊዜ የተነሣው ቻላቸው ነው። ቻላቸው የአያ ደምለው የክርስትና ልጅና የመንደሩ ትልቁ ነጋዴ ሲሆን፣ ሰማንያ ጆንያ ነበረው። ደላላውም በመጀመሪያ ያነጣጠረው በእሱ ላይ ነበር።

ቻላቸው ሰማንያውንም ጆንያ ከመጋዘኑ አውጥቶ ሜዳው ላይ ከመረና እሳት ለቀቀበት። ሐሳቡ የጀግና ነበር፤ ሰማንያ ጆንያ በርበሬ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን ግን አላሰበበትም። መንደሩ በአንድ አፍ አስነጠሰ። ቄሱ ቅዳሴውን አቋርጠው ወጡ፣ ፍየሎቹ ወንዙን ተሻግረው ጠፉ፣ ደላላው ዐይኑን እያሻሸ በመጣበት መንገድ ሮጠ፤ ከዚያ ወዲህም አልታየም። ቻላቸው እሳቱን በአፈር አጥፍቶ የቀረውን ጉድጓድ ውስጥ ቀበረ። ይህን ያየ ሁሉ እያሳለ የራሱን ጆንያ እየተሸከመ መጣና በላዩ ጣለ። ያን ዓመት ከግራር ውሃ አንድም የተመረዘ ዛላ ወደ ሰው ወጥ አልገባም።

ቻላቸው በዚያ ዓመት የቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ሸጦ ልጆቹን አበላ። እውነቱ ግን ሙሉ ይነገር ከተባለ፣ በመንደሩ ውስጥ ሚዛን እንዲደፋ ብሎ «ጠበሉን» ሁለት ጊዜ ይረጭ የነበረውም እሱ ነው። አንዳንዱ ሰው የራሱን ኃጢአት አቃጠለ እንጂ ምን አደረገ ይላል። ሌላው ደግሞ እስቲ አንተ የራስህን አቃጥላት ይለዋል።

የሚቀጥለው ዓመት መጣ። አሁን ውሃ መርጨት ቀረ፤ ችግሩ ግን አልቀረም። ደረቁ ዛላ ጆንያ ውስጥ ሲረገጥ እንክትክት ይላል። ገዢው መርዝም ስብርባሪም አልፈልግም ብሏል። ትርንጎ መርዙን ማየት እንጂ ዛላውን ሳይሰበር ማሸግ አልተማረችም፤ ቻላቸውም የሚያቃጥለው ጆንያ አልቀረውም። ሰዎች ስጡ ዳር ተቀምጠው ትንሽ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ብቻ፣ ምን ትጎዳለች እየተባባሉ ነበር።

እዚህ ላይ እትዬ አንችናሉ ብድግ አሉ። እትዬ አንችናሉ ከደጋ መጥተው በትዳር ግራር ውሃ የገቡ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ እንቁላል እየሰበሰቡ ገበያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የቀርከሃ ቅርጫታቸውን ገልብጠው የሰዉን ፊት አዩ።

«እንቁላል በጭድ መሐል ተደርድሮ ስንት ተራራ ይሻገራል» አሉ። «በእግር የሚረገጥ ምን ነገር ደኅና ይሆናል?»

ከዚያም አሳዩ። በርበሬው መሬት ላይ ሳይሆን በቀርከሃ ቆጥ ላይ ተሰጣ፤ ነፋስ ከላይም ከታችም አገኘው። ሲደርቅ በእግር ከመርገጥ ይልቅ በእጅ እየተደረደረ፣ በየመሐሉ ንጹሕ ደረቅ ጭድ እየተደረገ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ሥራው ጊዜ ይፈጃል። መንደሩም እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እያለ በእትዬ አንችናሉ ላይ ሲያሾፍባቸው ሰነበተ። ግን ደረደረ። ትርንጎ መጥታ ዛላውን መረመረች፤ ንጹሕ ሆነ። ገዢው ቅርጫቱን ከፍቶ ሲያይ አንድም የተሰበረ ለማግኘት ተቸገረ። መኪኖቹ ሞልተው ሄዱ፤ የቻላቸው ቤትም ቆርቆሮ ለበሰ።

በዚያ ደስታ መሐል አንድ ሰው እትዬ አንችናሉን ይህን ብልሃት መቼ እንዳገኙት ጠየቃቸው። ዘጠኝ ዓመት እንደሆናቸው፣ የቤታቸውን በርበሬ አንድም ቀን ውሃ አስነክተው እንደማያውቁ፣ የተረጨው ሲሻግት ያዩ እንደነበር ተናገሩ። ሕዝቡ ደነገጠ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ?

«አንድ ጊዜ ተናግሬ ነበር» አሉ፤ ወደ አያ ደምለውም ዞሩ። «የደጋ ሰው ስለ በርበሬ ምን ያውቃል ብለው የሳቁብኝ እርስዎ ነበሩ። ዘንግ የያዘ ሰው ከሳቀ ማን ይሰማል?»

አያ ደምለው ያንን ሳቃቸውን አስታወሱት። ያን ዕለት የበሉት አልጣፈጣቸውም።

እንግዲህ ሠላሳ ሁለተኛው ኅዳር ሲደርስ ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። በርበሬው ማሳ ላይ ቀልቷል፣ ለቀማው ተጀምሯል፣ ቆጡ ተዘርግቷል። በልማዱ መሠረት ዘንጉ አዲስ ባለቤት ሳያገኝ የመጀመሪያው ዛላ ስጥ ላይ አይወርድም። መንደሩ ረፋዱ ላይ ተሰበሰበ። ሦስቱ ከፊት ቆሙ፣ አያ ደምለውም የሚሉት ካለ እንዲናገሩ ጠየቁ።

«እኔ ባልለካው ኖሮ ዛሬም ትረጩ ነበር» አለች ትርንጎ። «ወደፊትም የሚመጣውን መርዝ ጆሮ አይሰማውም። የአባቴ ልጅ መሆኔ አይጥቀመኝ፤ አይጉዳኝም።»

«እሷ ስታውቅ ደመወዟ አልተቆረጠም» አለ ቻላቸው። «እኔ ሳውቅ ቤቴ ፈረሰ። ጥፋት ነበረብኝ፤ ከጥፋቱ የተመለሰ ሰው ግን ጥፋትን ከሩቅ ያውቃታል።»

እትዬ አንችናሉ ብዙ አልተናገሩም። «ማወቅም ማቃጠልም ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ይህ የተዘረጋው ቆጥ የማን እጅ ሥራ ነው? አሁንም እንግዳ ከሆንኩ ንገሩኝና ወደ እንቁላሌ ልመለስ።»

አያ ደምለው ከቆጡ ጥግ ካምና ከተረፈው ናሙና አንዲት ዛላ አነሡ። በጣም ደርቃለች። ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቋት፤ ደገሙት። ከዚያ ዛላዋን ዝቅ አደረጉና በሠላሳ አንድ ዓመት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ በሰው ፊት አለቀሱ።

«ጆሮዬ ይህን ድምፅ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው» አሉ። «የእናንተን ፊት እያየሁ ነበር የምፈርደው። እኔም ደብቄያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምሰጠው ዘንግ ትክክለኛ እጅ ካልገባ፣ የደበቅሁት ሁሉ በናንተ ወጥ ውስጥ ይገባል።»

ማንም አልተቆጣቸውም። ትርንጎ ክንዳቸውን ያዘቻቸው፣ ቻላቸው በርጩማ አቀረበላቸው፣ እትዬ አንችናሉ ነጠላቸውን ፈትተው እንባቸውን ጠረጉላቸው። ሰው ሁሉ ይህን አይቶ ልቡ ሞቀ፤ ግራር ውሃ ዘንጉ ለማንም ይድረስ ለማን ደኅና እጅ እንደሚገባ ገባት። ሆኖም ደኅና እጅ ሦስት ሆነ እንጂ ዘንጉ አንድ ነው፤ ለቃሚዎቹም ቅርጫታቸውን አናታቸው ላይ ተሸክመው ከማሳው እየመጡ ነው።

አያ ደምለው በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። ዘንጉን ከመሬት አነሡ፣ ሦስቱን አንድ በአንድ አዩና አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመዱ። እውነቱን ያወጣችው አስቀድማ ሳትነግራቸው ነው፤ የራሱን ያቃጠለው ከሁሉ አብዝቶ ከረጨ በኋላ ነው፤ መንገዱን ያሳዩት ሴት ዘጠኝ ዓመት ዝም ካሉ በኋላ ነው፤ እሳቸውን ዝም ያሰኛቸው ሳቅ ደግሞ የዘንጉ ባለቤት ሳቅ ነው። አድማጮች ሆይ፣ በአያ ደምለው ቦታ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ያችን ወይራ በማን እጅ ታኖሯት ነበር?