በማንአህሎሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሳጥን

ተረት ላውጋችሁ፤ የምትፈሩ በር ዝጉ፣ የማትፈሩም ብትዘጉ አይከፋም።

ጎርፍ አሻግር በሚባል ሰፈር ማንአህሎሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስሙ እንግዳወርቅ። ሳንባው ደክሞ ሐኪም ቤቱ «እንግዲህ በቤትህ ተንፍስ» ብሎ የአየር ማሽን አስይዞ ሸኝቶታል። ማሽኗ የምትሠራው በመብራት ነው፤ ስትሠራ እንደ ጠገበች ድመት ታንኮራፋለች። እሷ ስታንኮራፋ እሱ ይተነፍሳል፤ እሷ ዝም ስትል እሱም ዝም ሊል ነው። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ አንድ የአየር ሲሊንደር አልጋው ሥር ተቀምጧል።

መብራት ድሮም ይጠፋ ነበር። ሲጠፋ ግን ለሁሉም ነው የሚጠፋው፤ ሰፈሩ በአንድ አፍ ያማርራል፣ ሲመጣም በአንድ አፍ እልል ይላል። ቆጣሪውን የሚያነብ ሰው ነበረ፤ በር ያንኳኳል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ይሰደባል፣ ይሄዳል። ኋላ አዲሱ ሳጥን መጣ። ነጭ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ አንድ ቀይ ዓይን አለው። ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይናገራል፣ ራሱ ይቆርጣል። አያንኳኳም።

ሰፈሩ ፈራ። ገሚሱ «ማን እንደተኛ፣ ማን እንደነቃ ያያል» አለ። ገሚሱ «ይሰማል» አለና ሳጥኑ በተሰቀለበት ክፍል ሰው ማማት ተወ፤ ይህ ለጎርፍ አሻግር ቀላል ጉዳት አይደለም። በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰቡና «አንፈልግም» ብለው ሁሉም እጁን አወጣ። በማግስቱ ሠራተኛው ሳጥን ተሸክሞ ሲመጣ ሁሉም በሩን ከፈተ። እጅ ማውጣት ሌላ፣ በር መዝጋት ሌላ። ማንአህሎሽም ከፈተች፤ ዋሸሁ እንዳትሉኝ።

ሳጥኑ ጥቂት ቀን ዝም ብሎ አያት። ያቺ ማሽን ቀንም ሌትም መብራት ስትጎትት አየና ስርቆት ነው ብሎ ጠረጠረ። ጠርጥሮም ቆረጠ፤ ለሷ ቤት ብቻ። ማሽኗ ዝም አለች። ማንአህሎሽ ሲሊንደሩን ከፈተች። ሳጥኑ መለሰ፣ ደግሞ ቆረጠ። ከጎረቤቷ ከስንዱ ቤት የመብራት ገመድ ሳበች፤ የስንዱም ሳጥን ቆረጠ። እንዲህ ሲል ሲል ሲሊንደሩ ቀለለ፣ የመለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ወረደ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑ ቆርጦ አልመልስ አለ።

እንግዲህ የማንአህሎሽ ፍላጎት ትንሽ ነው። አሮጌው ቆጣሪዋ፣ ያ መንኮራኩሩ የሚሽከረከረው፣ ይመለስላት፤ ሌላ አልጠየቀችም። ስንዱን አልጋው አጠገብ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ጣል አደረገች፣ ወጣች።

ከመንገዱ ማዶ ሳጥን የሚሰቅለው ወጣት ሠራተኛ መሰላል ላይ ሆኖ የሌላ ሰው ግድግዳ ይበሳል።

«አንተ ልጅ፣ ሳጥኑን ፍታልኝ። ሳጥኑ አይነሳም፣ ወንድሜ አየር የለውም።»

ልጁ መፍቻውን ኪሱ ከተተ። «እማማ፣ እኔ መስቀል እንጂ መፍታት አልተፈቀደልኝም። አለቃዬ ይገድለኛል።»

«ወንድሜን ሳጥኑ ሲገድለውስ?»

«እሱን ለአለቃዬ ይንገሩት» አለ፤ ዓይኗን ግን አላየም።

አለቃው መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ማንአህሎሽ መስታወቱን ቆረቆረች።

«አለቃው፣ ልጁን እዘዘው። ልጁ አይፈታም፣ ሳጥኑ አይነሳም፣ ወንድሜ አየር የለውም።»

አለቃው መስታወቱን ጣት የሚያሾልክ ያህል ከፈተ። «እናቴ፣ ሹሙ ሳይፈርም ባዝ ነገ መሰላሉ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ከፍታ ደግሞ እፈራለሁ።» መስታወቱን መልሶ ዘጋ።

የመብራቱ ሹም ፍስሐ ይባላል። ቢሮው ከአስፋልቱ አናት ላይ ነው፤ ማንአህሎሽ ዳገቱን እየተነፈሰች ወጣች። ስትተነፍስ ታፍራለች፤ እኔ እንዲህ በነፃ ስተነፍስ ለወንድሜ እየተለካ ይሰጠዋል ትላለች በሆዷ።

«ጌታው፣ ይፈርሙልኝ። አለቃው አያዝም፣ ልጁ አይፈታም፣ ሳጥኑ አይነሳም፣ ወንድሜ አየር የለውም።»

«እናቴ፣ ሳጥኑ ያለ ምክንያት አይቆርጥም።»

«ምክንያቱማ ወንድሜ መተንፈሱ ነው።»

ፍስሐ ብዕሩን አነሳ፣ አስቀመጠ። «ለአንድ ሰው ብፈርም ነገ ሰፈሩ በሙሉ በሬ ላይ ይሰለፋል። ከላይ ያሉት ምን ይሉኛል?» ብሎ ወደ ጣሪያው አየ። ማንአህሎሽም አየች። ከሸረሪት ድር በቀር ማንም የለም። ሰውየው ግን እውነት ፈርቷል፤ ግንባሩ ረጥቧል።

ባለጉዳይን የማይሰማ እናቱን ይሰማል ብላ ወደ እናቱ ወረደች። እትዬ አጸደ ከልጇ ከፍስሐ ቤት አንድ ክፍል ይዛ ትኖራለች። ሳጥኑ ከራስጌዋ በላይ ተሰቅሏል፤ ዓይኑ እንዳያያት ፎጣ አልብሳዋለች።

«አጸደ፣ ልጅሽን ተቆጪልኝ። ሹሙ አይፈርምም፣ አለቃው አያዝም፣ ልጁ አይፈታም፣ ሳጥኑ አይነሳም፣ ወንድሜ አየር የለውም።»

አጸደ ወደ ፎጣው ጠቆመችና በሹክሹክታ አወራች። «ቀስ በይ፣ ይሰማል። በሰው ቤት አሮጊት አትቆጣም፣ እህቴ። ልጄን ብቆጣ ሚስቱ ትቆጣለች፣ ሚስቱ ብትቆጣ ገጠር ነው የምላከው። እዚያ ማን አለኝ?»

«ወልደሽ ፈራሽ?»

«ወልጄ ነው የፈራሁት። ያልወለደማ ምን ያስፈራዋል?» አለችና ቶሎ አፏን ያዘች። ማንአህሎሽ ቃሉን ዋጠችው፤ ለመጣላት ጊዜ አልነበራትም፣ ሌላ ቀን ቢሆን አጸደ ዋጋዋን ታገኝ ነበር።

ሮጠች ወደ እድሩ ዳኛ። ጋሽ ተካልኝ ደጁ ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል።

«ጋሽ ተካልኝ፣ አጸደን በእድሩ ስም ይጥሩልኝ። እናት አትቆጣም፣ ሹሙ አይፈርምም፣ አለቃው አያዝም፣ ልጁ አይፈታም፣ ሳጥኑ አይነሳም፣ ወንድሜ አየር የለውም።»

ዳኛው ጋዜጣውን አጠፈ። «ማንአህሎሽ፣ እድር የሞት ነው፣ የመብራት አይደለም። በመብራት ነገር ሰው ጠራ ብለው እድሩን ቢዘጉብንስ? ማን ይቀብረናል?»

«እኔ ሰው እንዳይቀበር ብዬ መጣሁ፣ እርስዎ መቀበሪያ ያሰላሉ።»

«ሁሉም ይፈራል፣ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ? ሕዝቡ ቢሰበሰብ እኮ...»

«ሕዝቡ ይሰብሰብ?»

«ቢሰበሰብማ ዳኛ ቤቱ ይቀመጣል?» አለ፤ ሕዝቡ እንደማይሰበሰብ ስላወቀ ደፍሮ ነው።

ማንአህሎሽ ወደ ጥሩምባ ነፊው ዞረች። ዳምጠው ይባላል፤ ሰው ሲሞት በየመንደሩ ዞሮ ነፍቶ ስሙን የሚጠራ እሱ ነው። ቤቷ አጠገብ ነው ቤቱ፤ ስታልፍ ጆሮዋን ጣለች፣ ማሽኗ አታንኮራፋም። ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ ደግሞ ሄደች።

«ዳምጠው፣ ጥሩምባህን ንፋልኝ። ዳኛው አይጠራም፣ እናት አትቆጣም፣ ሹሙ አይፈርምም፣ አለቃው አያዝም፣ ልጁ አይፈታም፣ ሳጥኑ አይነሳም፣ ወንድሜ አየር የለውም።»

ዳምጠው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥቁር፣ ረጅም፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። «ጋሽ እንግዳወርቅ አረፈ እንዴ?»

«አላረፈም።»

«ታዲያ ለማን ልንፋ? እትዬ፣ ጥሩምባ ለሬሳ ነው። ሰው በቁሙ ከተነፋለት ሞት ስሙን ሰምቶ ይመጣል። አባቴ ያስማለኝ እንዲህ ብሎ ነው። አልነፋም።»

ማንአህሎሽ አልለመነችም። እጁን ያዘችና ጎትታ ወደ ቤቷ አስገባችው። «እየው» አለችው።

እንግዳወርቅ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሲሊንደሩ በቀጭን ፉጨት ይተነፍሳል፣ መርፌው ከቀዩ ላይ ተኝቷል። ስንዱ እያለቀሰች በሰፌድ ታራግባለች። ሳጥኑ በቀይ ዓይኑ ሁሉንም ያያል።

«ወንድም ጋሼ» አለች ማንአህሎሽ፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ፣ «ነፊው አይነፋም፣ ዳኛው አይጠራም፣ እናት አትቆጣም፣ ሹሙ አይፈርምም፣ አለቃው አያዝም፣ ልጁ አይፈታም፣ ሳጥኑ አይነሳም።»

እንግዳወርቅ ቃል በቃል፣ በየመሀሉ እያረፈ ተናገረ። «ዳምጠው... ምን ያስፈራሃል?»

«ከነፋሁ ሞት ይመጣል፣ ጋሼ።»

«መጥቶ... ቁጭ ብሏል። ወንበር ሰጥተነዋል። አንተ የምትጠራው... ሰዎቹን ነው።»

ዳምጠው ወደ ባዶው ወንበር አየ። ከዚያ ወጣ፣ ጥሩምባውን አመጣ፣ በጠራራ ፀሐይ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ነፋ። ጥሩምባው ጮኸና ውሾች ተነሡ፤ በየቤቱ የሰው ልብ ወረደ፤ ማን ይሆን ብሎ ሁሉም የራሱን ሰው ቆጠረ። ዳምጠው ግን መዋሸት አያውቅም። በዚያ ሬሳ በሚጠራበት ድምፁ እንዲህ ሲል ለፈፈ፦

«እንግዳወርቅ፣ የማንአህሎሽ ወንድም፣ አልሞተም። ኑ።»

እንዲህ ያለ ጥሪ ጎርፍ አሻግር ሰምቶ አያውቅም። ለሞተ መውጣት ይታወቃል፤ ላልሞተ ምን ይዞ ይወጣል? ግማሹ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ፣ ግማሹ ሳያዘቅዝቅ ወጣ፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ከልማድ ቃሬዛውን ይዘው መጡ። ግቢው ሞላ፣ መንገዱ ሞላ። ዳኛው ጋዜጣውን እንደያዘ መጣ፤ የእድሩ ዳኛ ሆኖ ሕዝብ ወጥቶ እሱ ቢቀር ነገ ማን ዳኛ ይለዋል?

«ቃሬዛው አለ፣ ሐኪም ቤት እናድርሰው» አለ አንዱ።

እንግዳወርቅ እጁን ነቀነቀ። «በሬሳ አልጋ... በቁሜ አልወጣም። በኋላ... ትለምዱብኛላችሁ።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ፉጨቱን ይሰማ ነበር፤ እየቀጠነ ነው። ዳኛውም ሰማ። ለቅሶ ቤት ብዙ ጊዜ ቆሟል፤ ሬሳው ቁጭ ብሎ እያየው ግን ቆሞ አያውቅም። ዞር አለና «አጸደን ጥሩልኝ» አለ።

አጸደ ከሰው መሀል ነበረች፤ ገፍተው ፊት አወጧት። ዳኛው «አጸደ፣ ልጅሽን ትቆጪ ወይስ እድሩ ባንቺ ቀን ቤቱ ይቀመጥ?» አላት። አጸደ ገጠሩን አሰበች፣ ያለ ሰው መቀበርን አሰበች፤ ሁለተኛው ባሰባት። ስልኳን አወጣች። ፎጣ የለበሰውን ሳጥን እንኳ ረስታ ጮክ ብላ ተናገረች፦ «ፍስሐ፣ ፈርም። ባትፈርም የኔን ሬሳ አንተው ብቻህን ተሸከመው፤ ከላይ ያሉት ያግዙህ እንደሆነ እናያለን።»

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ዞረ። ነፊው ነፋ፣ ዳኛው ጠራ፣ እናት ተቆጣች፣ ሹሙ ዳገቱን እየሮጠ ወርዶ በአለቃው መኪና ኮፈን ላይ ፈረመ። አለቃው አዘዘ። ልጁ መሰላሉን እዚያው ትቶ እየሮጠ ገባ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ፣ አነሳው፣ ደግሞ ወደቀ፤ የሲሊንደሩ ፉጨት ቆሟል። ማንአህሎሽ አልተሳደበችም። የወንድሟን እጅ ይዛ የልጁን እጅ ታያለች።

ልጁ ፈታ፣ ሳጥኑ ተነሳ፣ ቀይ ዓይኑ ጠፋ። አሮጌው ቆጣሪ ከጓዳ ወጥቶ ተሰቀለ። መንኮራኩሩ ትንሽ ቆም አለ፣ ቀጥሎ ዞረ። ማሽኗ አንኮራፋች። ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ እንግዳወርቅ አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ፣ ከንፈሩ ቀስ እያለ መልኩን መለሰ።

«ማኔ፣ ስንት ሰው መጣ?» አለ።

«ለአንተ ብዙ ነው።»

«እነማን ቀሩ?»

«ሲሻልህ እነግርሃለሁ።»

ጎርፍ አሻግር ዛሬም ሳጥን አለ፤ ፍርሃቱም ከነፎጣው ተሰቅሏል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩምባ ሲነፋ ሰዉ ነጠላ ለማዘቅዘቅ አይቆምም። መጀመሪያ ይሮጣል፤ ምናልባት ገና ነው ብሎ።

ተረቴ እዚህ ይቋረጥ፣ መብራታችሁ አይቋረጥ።