የአያ ጅቦ አዲስ ሚዛን

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ከጥፍራቸው ይልቅ በኮምፒውተር መመካት በጀመሩበት ዘመን፣ ንጉሥ አንበሳ አዋጅ አስነገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም ማንንም እንዳይበላ! ሥጋ ከመጋዘን ይታደላል፤ የሚያድለውም ፕሮግራም ነው።»

ሥጋው ከየት እንደሚመጣ እኔን አትጠይቁኝ። ከደኑ ሹማምንት መካከልም የጠየቀ የለም፤ ሁሉም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፕሮግራሙን የጻፈችው እመት አህዪት ናት። ሌሎቹ ሁሉ ኃላፊ መሆን ስለፈለጉ ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። ደግሞም ነገሩ የእሷን ያህል የሚያስጨንቀው አልነበረም። የመጋዘኑ በር አንድ ቀን ሳይከፈት ከዋለ፣ የተራበ አውሬ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በማን ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ሌላው ለሹመት ሲሠራ እሷ ለነፍሷ ሠራች።

ፕሮግራሙ ግን ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም ነበር። የእያንዳንዱን አውሬ ድርሻ የምትመዝነው፣ እትዬ ኤሊ የጻፈቻት «ሚዛን» የምትባል ላይብረሪ ነበረች። ላይብረሪ ማለት ሌላው ለፍቶ የጻፈውን ኮድ እንዳለ ወስዶ መጠቀም ነው። ባለቤቱ ሐሳቡን እስኪለውጥ ድረስ ትልቅ በረከት ነው። የአህዪት ፕሮግራም በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ሚዛንን ይጠራና «መዝን» ይላታል፤ ትመዝናለች፤ በሩ ይከፈታል፤ ሁሉም ይበላል። አህዪትም በሕይወት ታመሻለች።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አያ ጅቦ ነበር። እንዴት ተሾመ ብትሉኝ፣ ከአመልካቾቹ ሁሉ ድምፁ ወፍራም እሱ ነበረ። ክፍሉ ደግሞ ለሥጋው መጋዘን ቅርብ ነው።

አንድ ጠዋት ስክሪኑ ላይ «አዲስ የሚዛን እትም ወጥቷል፤ ቁጥር አምስት» የሚል ማስታወቂያ ብቅ አለ። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

«አሁን ያለን ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሁለት ነው፣ አያ ጅቦ። ደህና እየሠራ ነው፤ እባክዎ አይንኩት» አለች አህዪት። ሊበላት ለሚችል ሁሉ «እርስዎ» ማለት ልማዷ ነው።

«አምስት ከሁለት አይበልጥም?»

«ይበልጣል፣ ግን…»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በሁለት ስታስርቢኝ ኖረሻል ማለት ነዋ!» አለና ማስታወቂያውን ተጫነው።

ቁጥር አምስት ገብታ ሳትጨርስ «እኔ ብቻዬን አልሠራም፤ ዘመዶቼንም አስገቡልኝ» የሚል ጥያቄ አቀረበች። አያ ጅቦ የመጣለትን መቼ ይመልሳል! «እሺ»፣ «እሺ»፣ «እሺ» እያለ የቀረበለትን ሁሉ አግበሰበሰ። ቦታ ሲጠበው ደግሞ አሮጌ የተባለውን ሁሉ ጠራርጎ ደመሰሰ፤ ሁለተኛዋ ሚዛንም አብራ ጠፋች። ከዚያ ሥራ እንደበዛበት ሹም እያዛጋ ወጥቶ ጥላ ሥር ተኛ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ አህዪት ፕሮግራሙን አስነሳች። በሩ ንቅንቅ አላለም። ስክሪኑን ቀይ ጽሑፍ ሞላው።

ያነበበችው ይመስላችኋል? ወይ የዋህነት! ፕሮግራም ጸሐፊ እኮ ናት። መጀመሪያ «እሺ» የሚለውን ተጭና ጽሑፉን አባረረችው፤ ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፤ ተመልሶ መጣ። በኋላ እግሯ እርግጫ አቀመሰችው፤ አሁንም መጣ። ቀጥላ ኤሊን ከነዘር ማንዘሯ ረገመች። የምትሞክረው ሁሉ ሲያልቅባት፣ ምን ታድርግ፣ አነበበችው።

«‹መዝን› የሚል ትእዛዝ በሚዛን ቁጥር አምስት ውስጥ አልተገኘም» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከመጀመሪያውም ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር።

ወዲያው ኤሊ ጋ ደወለች።

«እትዬ ኤሊ፣ ‹መዝን› የት ገባ?»

«እሱንማ ‹ለካ› ብዬ ለወጥኩት። ለጆሮዬ የተሻለ መሰለኝ።»

«ለጆሮዎ! ታዲያ አይነግሩንም ነበር?»

«ጽፌዋለሁ እኮ ልጄ፤ ከእትሙ ጋር በላክሁት ማብራሪያ፣ መጨረሻው ላይ። ማንም አላነበበውም እንዴ?»

«እንግዲያው እኔም ‹መዝን›ን ‹ለካ› ብዬ ልለውጠው?»

«ስሙ ብቻውንማ አይበቃም። ድሮ ክብደት ከነገርሽው ይበቃው ነበር። ‹ለካ› ግን የእያንዳንዱን አውሬ የጥርስ ብዛትም ይጠይቃል።»

አህዪት አንገቷን አንበሳ አፍ ውስጥ አስገብታ ጥርስ ስትቆጥር ታያት።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት! ሁለተኛዋን ሚዛን መልሰው ይላኩልኝ!»

«ምን አቻኮለሽ? ነገ…»

«ልበላ ነው እኮ!»

«ውይ! እሺ እሺ፣ ፈልጌ እልካለሁ» አለች ኤሊ። ኤሊ «ፈልጌ እልካለሁ» ስትል ምን ያህል እንደሚቆይ እናንተው ገምቱት።

ይህን ጊዜ ንጉሥ አንበሳ መኳንንቱን አስከትሎ ለምሳ ከተፍ አለ። በስተቀኙ አጅሬ ቀበሮ አለ፤ አማካሪ ነው። ምን እንደሚያማክር የሚያውቅ ባይኖርም ከንጉሡ ጎን ጠፍቶ አያውቅም።

«በሩ ለምን አልተከፈተም?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ «አህዪት ናት፣ ጌታዬ! እኔ አሻሻልኩ እንጂ አላበላሸሁም» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ጌታዬ፣ ስህተቱን አግኝቼዋለሁ» አለች አህዪት። «ፕሮግራሙ ከአዲሷ ሚዛን ጋር አይግባባም። አሮጌዋ እስክትመጣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ከሁለተኛዋ በቀር ከሌላ ጋር አይሠራም ብለሽ የት ጽፈሻል?» ብሎ አፈጠጠባት ጅብ።

የትም አልጻፈችም። አህያ ተሸክማ መሄድ እንጂ ምን እንደተሸከመች መናገር መች ታውቃለች! ለመጀመሪያ ጊዜ ጅብ እውነት ተናገረባትና ጆሮዋን ጣለች።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጉሥ ሆይ፣ እዚህ ሁላችንንም ያስጨነቀን እኮ ቀዩ ጽሑፍ ነው። እሱን ላጥፋልዎት?»

«ታጠፋዋለህ?»

«በአንድ አፍታ!»

«ጽሑፉ ቢጠፋ ስህተቱ አይጠፋም!» ብላ ጮኸች አህዪት። «በሩ እኮ…»

«አዋቂ ሲናገር ዝም በይ» አላት አያ ጅቦ።

ቀበሮ ተቀመጠና ፕሮግራሙ ስህተት ባጋጠመው ቁጥር ውጦ ዝም እንዲል፣ ከዚያም በአረንጓዴ ቀለም መልካም ወሬ እንዲጽፍ አደረገው። ጥበቡ ይኸው ነው። ቀዩ ጠፋ፤ ስክሪኑ ለመለመ። «አንበሳ፦ በልቷል። ነብር፦ በልቷል። ጅብ፦ በልቷል።» ጭብጨባው ደኑን አናጋው። አንበሳም ደስ ብሎት ለቀበሮ ካባ አለበሰው።

«እያንዳንዷን ፊደል የጻፍኳት በገዛ እጄ ነው!» አለ ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ።

በሩ እንደተዘጋ ነው። ሁሉም ስክሪኑን ስለሚያይ በሩን ያየ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጭብጨባው አለቀና ረሃቡ ተተካ። አያ ጅቦ እየተጎተተ ወደ አህዪት ቀረበ።

«አህዪት።»

«አቤት፣ አያ ጅቦ።»

«ሆዴ ባዶ ነው። አዋጁ ደግሞ ለጠገበ እንጂ ለተራበ የወጣ አይመስለኝም።»

ጥርሱ ታያት። ከኋላዋ የመጋዘኑ የብረት በር፣ ከፊቷ ጅብ፤ ወዴት ትሂድ? ወደ ስክሪኑ ጠቆመች።

«እንዴት ባዶ ይሆናል? በልተዋል እኮ! ይኸው ተጽፏል።»

አያ ጅቦ ጽሑፉን አነበበ። ሆዱን ዳበሰ። ደግሞ አነበበ። ኃላፊ የገዛ ክፍሉን ስክሪን እንዴት ይጠራጠራል?

«እውነትም በልቻለሁ» አለ በሐዘን። «ለመሆኑ ምን ነበር የበላሁት?»

«ድርሻዎን ነዋ።»

«ጣፍጦኝ ነበር?»

«እንዴታ! እስከ አጥንቱ ነው የጋጡት።»

«አይ እኔ፣ ሳላጣጥመው!» ብሎ ጅብ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

አንበሳ ግን ሆዱን በስክሪን የሚያታልል አልነበረም። ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ስሙን ደጋግሞ አነበበ።

«እኔ በልቻለሁ?» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «አንበሳ በልቷል ብሎ የጻፈው ማነው?»

ቀበሮ ሁለተኛ ካባ የመጣለት መሰለው። «እኔ ነኝ፣ ንጉሥ ሆይ! ሌላ ማን ሊሆን?»

«ሳልበላ በልቷል ብለህ ጻፍክ። ንጉሥ በስሙ ውሸት ሊጻፍበት አይገባም፤ ይስተካከል።»

«አሁኑኑ ጽሑፉን ላስተካክለው፣ ጌታዬ?»

«ጽሑፉ እንዳለ ይቆይ» አለ አንበሳና ተነሳ።

አዋጁስ ትሉ ይሆናል። አዋጁን ያወጣው ማን ሆነና! ብቻ ቀበሮ ከነካባው ካለቀ በኋላ፣ ከስክሪኑ መስመሮች ሁሉ አንዷ እውነት ሆነች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የእትዬ ኤሊ ሁለተኛዋ ሚዛን ደረሰች። አህዪት መልሳ አስገባቻት፤ የቀበሮንም ጥበብ ነቅላ ጣለች። «ይህ ፕሮግራም ከሁለተኛዋ ሚዛን በቀር ከሌላ ጋር አይሠራም» ብላም ከላይ በትልቁ ጻፈች። በሩ ተከፈተ። አያ ጅቦም ድርሻውን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ ያን ቀን ሁለት ጊዜ እንደበላ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ እየዞረ አወራ።

ከዚህ የምንማረው፣ የስህተት መልእክት የሚጻፈው ተነቦ እንዲታረም እንጂ ተደብቆ እንዲጨበጨብለት አለመሆኑን፣ «ሁሉም ተሳክቷል» ብሎ መዋሸት ግድ የሆነበት ሰው ካለ ደግሞ ምሳውን ካልበላ አለቃ ቢያንስ ራቅ ብሎ መቆም እንዳለበት ነው።