እንቢ ያለው ፍርስራሽ

ተረት ልንገራችሁ። እናንተ «እሺ» እያላችሁ ስሙኝ፤ በተረቱ ውስጥ እሺ ባይ ጠፍቷልና።

እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። መንገድ ሊሰፋ ግማሽ ቤታቸው ፈረሰ፤ ደጃቸው ላይ ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ፤ መሻገሪያው ተረሳ። መቼም ሰው ሁሉን አያስታውስም! እማማ በአንድ አጣና ላይ እየተንፏቀቁ ይሻገራሉ። ክረምት ገብቶ አጣናው ሳያዳልጣቸው ለመሻገሪያ አንዲት የኮንክሪት ሶሌታ ብቻ ፈለጉ። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ብረት አላቸው፤ ጠጠር የለም። ጠጠር የሚወጣበት ተራራ ተፈልጦ ተፈልጦ አልቋል። ስለዚህ የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳቸውን «ተሰበርና ጠጠር ሁንልኝ» አሉት።

«እኔ? የሠርግ ፎቶ የተሰቀለብኝ ግድግዳ ጠጠር ልባል? አልሰበርም!» አለ። ክብሩ ትዝ ያለው ከፈረሰ በኋላ ነው።

ወደ መዶሻው ሄዱ። «መዶሻዬ፣ ፍርስራሹን ምታልኝ፤ ፍርስራሹ አልሰበርም አለ፤ እኔም በአጣና እንፏቀቃለሁ።»

«የወደቀ መምታት ነውር ነው፤ አልመታም» አለ። ጨዋ መዶሻ!

ወደ ግንበኛው ወደ ጌጡ ሄዱ። «ጌጡ ልጄ፣ መዶሻውን አንሣልኝ፤ መዶሻው ፍርስራሹን አልመታም አለ፤ ፍርስራሹ አልሰበርም አለ፤ እኔም በአጣና እንፏቀቃለሁ።»

«እማማ፣ በልባሽ ድንጋይ ሠርቼ አላውቅም። መሐንዲስ ካላዘዘኝ አላነሳም» አለ ጌጡ፣ ልባሽ ኮቱን እየቆለፈ።

ወደ ኢንጂነር ምንተስኖት ሄዱ። «ኢንጂነር፣ ጌጡን እዘዙልኝ፤ ጌጡ መዶሻውን አላነሳም አለ፤ መዶሻው ፍርስራሹን አልመታም አለ፤ ፍርስራሹ አልሰበርም አለ፤ እኔም በአጣና እንፏቀቃለሁ።»

ኢንጂነሩ ከፍርስራሽ የሚሠራ ኮንክሪት ለምድራችን ያለውን ጥቅም ሲያስረዱ ውለው ከስብሰባ መመለሳቸው ነበር። «ድንቅ ሐሳብ ነው፤ በሐሳብነቱ ይቆይ። አላዝም» አሉ።

ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ወንድይፍራው ሄዱ። «ዳኛ፣ ኢንጂነሩን ገሥጹልኝ፤ ኢንጂነሩ ጌጡን አላዝም አሉ፤ ጌጡ መዶሻውን አላነሳም አለ፤ መዶሻው ፍርስራሹን አልመታም አለ፤ ፍርስራሹ አልሰበርም አለ፤ እኔም በአጣና እንፏቀቃለሁ።»

«እማማ፣ ዕድር ለቀብር እንጂ ለድልድይ አይደለም፤ አልገሥጽም። ደግሞ ምን ያሳስብዎታል? ቢወድቁ እኛ አለንልዎ! ድንኳኑም አዲስ ነው።»

እማማ እንባቸው መጣ፤ ተናደዱም። «እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አራት ሰው ሬሳዬን ተሸክሞ በአንድ አጣና ላይ እንዴት ሊሻገር ነው?»

አቶ ወንድይፍራው ክው አሉ። ከዕድሩ እጅ ሬሳ ወድቆ አያውቅም። «ለቀብር ከሆነማ ሥራችን ነው!» ብለው ተነሱ።

ዳኛው ኢንጂነሩን ገሠጹ፤ ኢንጂነሩ ጌጡን አዘዙ፤ ጌጡ መዶሻውን አነሳ፤ መዶሻው ነውሩን ረስቶ ፍርስራሹን መታ፤ ፍርስራሹም ተሰበረ። ከሲሚንቶው ጋር ተለወሰ፤ ሶሌታው ተሞላ፤ ውሃ እየጠጣ ጠነከረ።

የመጀመሪያው ዝናብ ባባራ ጊዜ እማማ ቀጥ ብለው መሻገር ጀመሩ። መሃል ሲደርሱ ከሶሌታው ጠርዝ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጠጠር ብቅ ብሎ አዩ፤ የሠርጋቸው ፎቶ የነበረበት ግድግዳ ስባሪ ነው። ደስ አላቸው፤ አለቀሱም።

«እንዴት ነው እማማ፣ ለሬሳ ይበቃል?» አሉ አቶ ወንድይፍራው ከማዶ።

«ይበቃል። እስከዚያው ግን እኔ ልሂድበት» አሉ እማማ ደብሪቱ።